የተሰነቀረ ጉርሻና የተዋጠ ጉዝጓዝ፦ የቤት ኤሊን ከሁለቱም ስለ መጠበቅ

ኤሊ ቅጠል ስትበላ ከሥሯ የተነጠፈውን አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አብራ ስትለቅም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ትንፋሿን እንዳይዘጋው ነው። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ይሁን እንጂ አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ሰው ከሚጠብቀው በኩል አይደለም። በየብስ ኤሊ ላይ የአየር ቧንቧ በድንገት የሚዘጋው እምብዛም ነው። ይበልጥ የሚያጋጥመው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የተዋጠ ጉዝጓዝ በአንጀት ውስጥ ተከማችቶ መውጫ ማጣቱ ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአፍ ቢሆንም ምልክታቸውም ሆነ የሚወሰድባቸው እርምጃ ስለሚለያይ ለየብቻ ማየት ይገባል።

ይህ ማብራሪያ በተለይ የሚመለከተው ሰልካታ እየተባለች የምትጠራውን ትልቋን የአፍሪካ የየብስ ኤሊ ነው። መገኛዋ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ተነሥቶ ሳህል በሚባለው የሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ቆላዎች የሚዘልቀው ደረቅ ምድር ሲሆን፣ ዛሬ ግን በአሜሪካ በብዛት ከሚረቡትና ከሚሸጡት ኤሊዎች አንዷ ሆናለች። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የከብት በሽታ የሚያስተላልፉ መዥገሮችን በመስጋት እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ከውጭ እንዳትገባ ስለከለከለ፣ በገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። ነገሩ ከያዝነው ጉዳይ ጋር የሚገናኘው፣ ለገዢው የምትሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ የምትረዝም ጫጩት በመሆኗ ነው። አድጋ ከ40 ኪሎ በላይ ለምትመዝን ኤሊ ምንም የማይመስል የእንጨት ስባሪ ለእንዲህ ዓይነቷ ጫጩት አንጀቷን ለመዝጋት ይበቃል። ከሙቀት ልክ በስተቀር፣ የሚከተለው ሁሉ በኢትዮጵያ ቆላና ወይናደጋ ለምትገኘው ነብርማ ኤሊም ሆነ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ላሉት ዝርያዎች ይሠራል። ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ኤሊዎች ግን ምግባቸውን የሚውጡት በውኃ እየታገዙ ስለሆነ በዚህ ውስጥ አይካተቱም።

አፏና ጉሮሮዋ

ኤሊ ጥርስ የላትም፤ አታኝክምም። ያላት እንደ ጥፍር ካለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ስለታም መንቁር ነው። ሣር ስትግጥ ብናያት፣ ቅጠሉን ነክሳ ከያዘች በኋላ አንዳንዴ የፊት እግሯን በላዩ ላይ ተክላ አንገቷን ወደ ኋላ ትስባለች፤ ቅጠሉ በሥሩ መሬት ስለያዘ ይበጠሳል፤ የተበጠሰውን ወፍራም ምላሷ ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል። ይህ አሠራር የሚያመቸው መሬት ለያዘ ሣር ነው። በክብ በክብ የተቆረጠ ካሮት ወይም የፖም ቁራጭ ሲቀርብላት ግን ከሥር የሚይዘው ነገር ስለሌለ መቦጨቅ አትችልም፤ በአፏ ይዛ ስታንከባልለው ቆይታ በስተመጨረሻ እንዳለ ለመዋጥ ትሞክራለች። የሚሰነቀረው ያኔ ነው።

የአየር መግቢያዋ ከምላሷ ሥር ያለች ትንሽ ስንጥቅ ስትሆን ስትውጥ ትዘጋለች። በምግብ ቧንቧዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር ብዙውን ጊዜ ትንፋሿን ሙሉ በሙሉ የማይከለክለው ለዚህ ነው። ሆኖም እኛ ትን ሲለን የምንገላገልበት ኃይለኛ ሳል እሷ የላትም። ሳንባዋን ከሆድ ዕቃዋ የሚለይ እንደኛ ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት፣ የምትተነፍሰው በእግሮቿና በሆዷ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች እያንቀሳቀሰች ነው። ደረቷ በቅርፊት የታጠረ በመሆኑም ጀርባን መምታት ወይም ሆድን መጫን የሚባለው የሰው የመጀመሪያ ዕርዳታ ለእሷ ትርጉም የለውም።

ለምን ትውጠዋለች?

ጉዝጓዝ ወደ ሆዷ የሚገባው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛውና ቀላሉ ማጣበቅ ነው፦ እርጥብ ሰላጣ ወይም የተላጠ ዱባ በአሸዋ ላይ ከተቀመጠ አሸዋው ይጣበቅበታል፤ አብሮም ይገባል። ሁለተኛው መሳሳት ነው። ኤሊ ምግቧን የምትመርጠው በዐይንና በማሽተት ሲሆን አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ይስባታል። ይህ በሐበሻ ቤት ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ቄጤማ በቀላሉ ስለማያገኙ ለቡናው ረከቦት ሥር የፕላስቲክ ሣር ያነጥፋሉ። ቤት ውስጥ በነፃነት የምትንቀሳቀስ ኤሊ ግን ያንን ፕላስቲክ ከእውነተኛ ሣር ለይታ አታውቅም፤ ነክሳ ስትስበው እንደ ሣር ይበጠስላታል፤ ስትውጠው ግን እንደ ሣር አይፈጭም። ረጅም የፕላስቲክ ክር በአንጀት ውስጥ ከጠጠር ይልቅ ይከፋል፤ አንድ ጫፉ ሲያዝ አንጀቱን እንደ መጋረጃ ሊሸበሽበውና ሊቆርጠው ይችላል። ወለል ላይ የተበተነ ፈንዲሻ፣ የፀጉር ላስቲክና የልጆች መጫወቻ ስብርባሪም እንዲሁ መነሣት አለባቸው። በእኔ ግምት ኤሊ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ባትለቀቅ ይሻላል፤ ፍሙም ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ነው፤ አውቃና ፈልጋ መብላቷ። በሰሜን አሜሪካ በሞሃቪ በረሃ የሚኖሩት የዱር ኤሊዎች አፈር፣ ጠጠርና የሞተ እንስሳ አጥንት ሲበሉ ታይተዋል፤ ይህም ካልሲየምንና ሌሎች ማዕድናትን ለማግኘት እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የቤት ኤሊ ምግብ እያለላት ጠጠር ከለቀመች በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የካልሲየም ነገር ነው። በምግቧ ውስጥ ካልሲየም ቢያንስ የፎስፎረስን እጥፍ ያህል መሆን ይኖርበታል። ያም ሆኖ ካልሲየሙ ሰውነቷ ውስጥ የሚገባው ቫይታሚን ዲ ስታገኝ ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራላት ደግሞ በቀጥታ ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን ወይም ዩቪቢ የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ከሚሰጥ ልዩ አምፖል ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። አምፖሉም እየበራ እያለ ጨረሩ ስለሚደክም አምራቹ በጻፈው ጊዜ መለወጥ አለበት። ንጹሕ የካልሲየም ዱቄት በምግቧ ላይ መነስነስ፣ ወይም ለወፎች የሚሸጠውን ነጭ የባሕር እንስሳ አጥንት አጠገቧ ማስቀመጥ ጠጠር መልቀሙን ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

በአሸዋ ላይ ተፈጥራ አሸዋ ለምን ይገድላታል?

ብዙ አሳዳጊ የሚያነሣው ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። የሳህል ኤሊ ዕድሜዋን በሙሉ በአሸዋና በጠጠር ላይ እየጋጠች ትኖራለች፤ ጥቂት አሸዋ ሳትውጥ የምትውልበት ቀንም ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የዋጠችው ከኩሷ ጋር ይወጣል። ታዲያ በሳጥን ውስጥ ያለችው ለምን ትታመማለች? መልሱ የሚገኘው ከአሸዋው ይልቅ በአንጀቷ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ጎርፍ ያለበት ቦይ አሸዋውን ይዞት ይሄዳል፤ ውኃው ሲያንስ ግን አሸዋው እዚያው ይተኛል። አንጀቷን እንዲሄድ የሚያደርጉት ደግሞ ሙቀት፣ ውኃና ቃጫ ያለው ምግብ ናቸው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ከውጭ የምታገኝ እንስሳ ናት። የሰልካታ መሞቂያ ቦታ በአምፖሉ ሥር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ደግሞ 27 ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ለጫጩት ሌሊቱም ቢሆን ከ20 በታች ባይወርድ ይመረጣል። በቀዝቃዛዋ የአሜሪካ ግዛት በሚኒሶታ የበረዶ ወራት አንድ አፓርታማ በማሞቂያ 21 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ለሰው ምቹ ነው፤ ለእሷ ግን በዚያ ሙቀት የበላችው ምግብ መፈጨቱን ያቆማል ሊባል ትንሽ የቀረው ነው። በጤናማ ሁኔታ እንኳ የበላችው ሣር በአንጀቷ ውስጥ አልፎ እስኪወጣ ከብዙ ቀናት እስከ ሳምንታት ይፈጃል። በላዩ ላይ ቅዝቃዜ ሲጨመርበት ጉዝጓዙ ለመከማቸት በቂ ጊዜ ያገኛል። የአየሩን ሙቀት በእጅ ስሜት መገመት አይበቃም፤ ቴርሞሜትር በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጥግ መኖር አለበት።

ውኃን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የቆየ የተሳሳተ ምክር አለ፤ የበረሃ ኤሊ ስለሆነች ደረቅ ቦታ ይበቃታል የሚል። የሳህል ጫጩት ግን የምትፈለፈለው ዝናብ ባለበት ወቅት አካባቢ ነው፤ ከቀኑ ሐሩርም የምትጠለለው ርጥበት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውኃ ያጣ ሰውነት ከአንጀት ውስጥ ያለውን ውኃ እየመጠጠ ይወስዳል፤ የቀረው ይደርቃል፤ ከአሸዋ ጋር ሲሆን ደግሞ ይጋገራል። ስለዚህ ጫጩትን በየቀኑ፣ ትልቋን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ ከአገጯ በታች መሆን አለበት፤ ለጫጩት የጣት ስፋት ያህል ይበቃታል። ብዙውን ጊዜ እዚያው ትጠጣለች፣ እዚያው ትጸዳዳለች። ይህም ለአሳዳጊው ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ኩሱን በውኃው ውስጥ በትኖ ከሥር አሸዋ ወይም ፍቅፋቂ መዝቀጡን ማየት ይችላል።

ቃጫ የሚባለው በዋናነት ሣር ነው። ሰልካታ ሣር ጋጭ ናት፤ ትኩስ ሣር፣ ድርቆሽ፣ ማገጥና የመሳሰሉት የሜዳ ቅጠሎች፣ እሾሁ ተጠርጎ የወጣለት የበለስ ቁልቋል ቅጠል ይስማማታል። ፍራፍሬ አይስማማትም። እንጀራና ዳቦ ደግሞ ፈጽሞ ሊሰጣት አይገባም፤ እንግዳ ሲመጣ ልጆች ለማጉረስ ቢያምራቸውም፣ እርጥብ ሊጥ የመሰለ ነገር በመንቁሯና በላንቃዋ ላይ ይለጠፋል፣ አንጀቷም ይህን ለመፍጨት አልተፈጠረም።

ምን ይጎዝጎዝ?

ምንም ስጋት የሌለበት ጉዝጓዝ የለም፤ አለ የሚል ሻጭ ዕቃውን እየሸጠ ነው። የሚወገዱትን መናገር ይቀላል። ደረቅ አሸዋ ለብቻው አይሆንም። ካልሲየም ያለው አሸዋ ተብሎ የሚሸጠው፣ ብትበላውም አይጎዳትም ስለሚባል፣ ይበልጥ አታላይ ነው፤ በሆድ ርጥበት እርስ በርሱ ይያያዛል። የድመት መጸዳጃ አሸዋ በውኃ እንዲጓጉል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ሆድ ውስጥም የሚያደርገው ያንኑ ነው። የተፈጨ የለውዝ ቅርፊትና የበቆሎ ቆረቆንዳ አይፈጩም። ተጨምቀው እንደ ክኒን የተሠሩት የጥንቸል ጉዝጓዞች ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ። ሰጋቱራና ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ በቅጠል ላይ ይጣበቃሉ፤ በተለይ እንደ ጽድ ያሉ ጠንካራ ሽታ ያላቸው እንጨቶች የመተንፈሻ አካሏንም ስለሚቆጡ ድርብ ጉዳት አላቸው። ለአበባ ማሰሮ በከረጢት የሚሸጠው አፈር ውስጥ ነጫጭ ቀላል ፍሬዎች ካሉበት እነሱን እየመረጠች ስለምትለቅማቸው አይጠቅምም፤ ማዳበሪያ ያለበትም እንዲሁ።

የተሻለው፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው ተራ አፈር ከኮኮናት ቃጫ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ፣ በመጠኑ ረጥቦና በእጅ ተጠቅጥቆ ሲነጠፍ ነው። የተጠቀጠቀና የረጠበ አፈር እንደ ልቅ ብናኝ በቀላሉ ተነሥቶ ከቅጠል ጋር አይሄድም። ለትልልቆቹ ድርቆሽ ይሠራል፤ ቢበሉትም ምግባቸው ነውና፤ ብቻ እንዳይሻግት ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ጋዜጣ ለታመመችና ለጊዜው ክትትል ለምትፈልግ ኤሊ ጥሩ ነው፤ በቋሚነት ግን እግሯ ስለሚንሸራተት አይመችም። ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ፤ ክሩ የሚፈታ ከሆነ ከፕላስቲኩ ሣር ጋር አንድ ነው።

ምርጫ ቢሰጠኝ ግን ከጉዝጓዙ ዓይነት በፊት የመመገቢያውን ቦታ አስተካክላለሁ። ሸካራ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ያልተቀባ የወለል ሸክላ፣ ከኤሊዋ ርዝመት ሦስት እጥፍ ያህል የሚሰፋ፣ በጉዝጓዙ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ምግቡም ከመካከሉ ላይ እንጂ ከጠርዙ ላይ አይደረግ፤ ምክንያቱም እየጎተተች ስትበላ ከጠርዙ ላይ ያለው ወዲያው ወደ አፈሩ ይወድቃል። የወደቀው ሲበላ ከመቆየት ይልቅ ተነሥቶ በውኃ ተለቅልቆ መመለስ አለበት። ሸካራው ድንጋይ መንቁሯንም እየሞረደ ከመጠን በላይ እንዳያድግ ያግዛል። መንቁሩ የረዘመ ኤሊ ቅጠል በደንብ ስለማትቆርጥ ትልልቁን ለመዋጥ ትገደዳለች፤ የመከርከሙ ሥራ ግን የሐኪም ነው።

የምግቡ አዘገጃጀትም ቀላል ነው። ቅጠልና ሣር ሙሉውን ይቅረብ። እንደ ካሮትና ዱባ ያሉ ጠንካሮች ከተሰጡ በመፈቅፈቂያ ይፈቅፈቁ፤ ክብና ኩብ ቁራጮች ይቅሩ። ፍሬና ጠንካራ ዘር ያለው ነገር ሁሉ ፍሬው ይውጣለት።

ስትታነቅ

ምልክቱ ድንገተኛና ከመብላት ጋር የተያያዘ ነው፦ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ በፊት እግሯ አፏን ትፍቃለች፣ ለሐጭ ይወጣታል፣ አንዳንዴም የሲርሲርታ ድምፅ ይሰማል። አፏን ከፍታ የምትተነፍሰውና በአፍንጫዋ አረፋ የሚወጣው ለቀናት ከቆየ ግን ጉዳዩ የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታነቅ ነው ብሎ አፏን መጎርጎር አይገባም።

አንዳንዴ ራሷ ትገላገለዋለች፤ አየር እየሳበች ከሆነና እየሞከረች ካለች ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ጥሩ ነው። ካልተላቀቀላት በሁለት እጅ ይዞ ራሷ ወደ ታች እንዲያዘነብል ማድረግ፣ ሌላ ሰው ካለ በባትሪ ብርሃን አፏን እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። የሚታይና በቀላሉ የሚያዝ ነገር ከሆነ ጫፉ ባልሰላ ወረንጦ ቀስ ብሎ ይወጣል። የማይታየውን ፍለጋ ጣት ማስገባት ግን ነገሩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የትልቅ ሰልካታ መንጋጋም ጣትን ክፉኛ ያቆስላል። በጀርባዋ አስተኝቶ ማቆየትም ጎጂ ነው፤ ሳንባዋ ያለው ከጀርባ ቅርፊቷ ሥር ስለሆነ የሆድ ዕቃዋ በሙሉ ይጫነዋል። ውኃ በአፏ ማፍሰስ ደግሞ ወደ ሳንባዋ ሊያስገባ ይችላል። በገመድ ወይም በክር ከታነቀች የወጣውን ጫፍ አትጎትቱ፤ ከሥር ምን እንደያዘ አይታወቅምና። ተሳቢ እንስሳት የኦክስጅን ፍጆታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ከውሻና ከድመት የበለጠ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ይህ ጊዜ ሐኪም ጋ ለመድረሻ ይዋል።

አንጀቷ ሲዘጋ

እዚህ ላይ ምልክቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ያዘናጋል። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል፤ ኩስ ማውጣት ታቆማለች ወይም ጥቂት አሸዋ የተቀላቀለበት ታወጣለች፤ ቀጥሎ በኋላ እግሮቿ ተነሥታ ታምጣለች፤ እየባሰ ሲሄድ የኋላ እግሮቿ ይደክማሉ፣ አንዳንዴም ከማማጧ ብዛት የውስጥ አካሏ በጅራቷ ሥር ወደ ውጭ ይወጣል። የመጨረሻው ያለ አንዳች መዘግየት ሐኪም የሚያስፈልገው ነው፤ እስክትደርስ ድረስ የወጣው አካል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። እየበላችና እየተንቀሳቀሰች ለሁለት ሦስት ቀን ኩስ ያላወጣች ኤሊ የግድ ታማለች ማለት አይደለም፤ ሙቀቷ ተስተካክሎና በየቀኑ እየተነከረች ከሳምንት በላይ ምንም ካልወጣት፣ ወይም መብላቷን ካቆመች ግን መጠበቅ ልክ አይደለም።

ማማጥ ሁልጊዜም የጉዝጓዝ ምልክት አይደለም። በውኃ እጥረት የሚፈጠር የፊኛ ጠጠርም፣ ሴት ከሆነች ሊወጣ ያልቻለ እንቁላልም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው፤ የሚለየው ራጅ ነው። አሸዋና ጠጠር በራጅ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ እንጨትና ፕላስቲክ ግን በግልጽ ስለማይታዩ ሐኪሙ በአፏ የሚሰጥ ልዩ ፈሳሽ ተጠቅሞ መንገዱን ሊከታተል ይችላል። ሕክምናው በአብዛኛው የሚጀምረው በፈሳሽ፣ በሙቀትና ኩሱን በሚያለሰልስ መድኃኒት ነው። ይህ ካልሠራ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል፤ የሆድ ቅርፊቷ በመጋዝ እንደ መስኮት ተከፍቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይታሸጋል፤ አጥንቱ በሚገባ እስኪገጥም ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

በቤት ውስጥ ዘይት በአፏ ማጠጣት በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ምክር ቢሆንም አደገኛ ነው። ዘይት ጉሮሮዋን ስለማይቆጣ ሳይታወቃት ወደ ሳንባዋ ይገባና ለማዳን የሚያስቸግር የሳንባ ምች ያመጣል። የሰው የሆድ ድርቀት መድኃኒትም እንዲሁ መጠኑ ስለማይታወቅ አይሰጥ። ከቤት የሚሠራው ለብ ያለ መንከርና ሙቀቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

ወደ ሕክምና ስትወሰድ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም መኖሩን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ውሻና ድመት ብቻ የሚያክሙ ብዙዎች ናቸውና። ከእሷ ጋር ከተነጠፈላት ጉዝጓዝ አንድ እፍኝ በላስቲክ፣ ካለም የመጨረሻ ኩሷን፣ የመኖሪያ ሳጥኗንና የአምፖሏን ፎቶግራፍ፣ የሁለቱን ጥግ ሙቀት፣ የምትመገበውን ዝርዝርና ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘነችበትን ክብደት መያዝ የሐኪሙን ግማሽ ጥያቄ ይመልሳል። በመንገድ ላይ እንዳትበርዳት በካርቶን ውስጥ፣ በፎጣ በተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ አጠገብ ትቀመጥ፤ ጠርሙሱ ግን ሰውነቷን በቀጥታ አይንካ።